ዶሮን በጓሮ ስለ ማረድ፦ የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዓል በተቃረበ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ዶሮ ናቸው። በዚህ እትም ከሐዋሳ የተላኩልንን ስድስት ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል፤ ሁሉም የሚያተኩሩት በግቢ ያደገች ዶሮ ሳትንገላታ፣ ሥጋዋም ሳይበላሽ፣ በቤት ውስጥ ባለ ወይም በቀላሉ በሚሠራ መሣሪያ እንዴት እንደምትታረድ ነው። ደብዳቤዎቹን ለማሳጠር ስንል ሰላምታውንና ምስጋናውን ትተነዋል።

ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ አንዲት እናት፦ በግቢያችን ወደ ሃያ የሚጠጉ ዶሮዎች አሉን። በዓል ሲደርስ የሚያርድልን የጎረቤት ልጅ ክንፎቿንና እግሮቿን ረግጦ ነው የሚያርደው። ደሙ ግድግዳውን ይረጨዋል፤ አንዳንዴም ክንፏ ተሰብሮ፣ ሥጋው በልዞ እናገኘዋለን። ከቆርቆሮ ወይም ከጀሪካን የሚሠራ ማረጃ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ይሠራል? ከሃይማኖታችን ሥርዓት ጋርስ አይጋጭም?

መልስ፦ እህታችን፣ ያዩት የበለዘ ሥጋ ምክንያቱ መንፈራገጥ ነው። ዶሮ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ክንፎቿን በኃይል ታራግባለች፤ ይህ የሚሆነው ራሷን ከሳተች በኋላም ቢሆን በጡንቻዎቿ መኮማተር ነው። በእግር ሲረገጥ ደግሞ የክንፉ አጥንት ይሰበራል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ተበጥሰው ደሙ በሥጋው ውስጥ ይቀራል። የሰሙት መሣሪያ ይህን የሚከላከለው ክንፎቹን ከጎንና ከጎን አቅፎ በመያዝ ነው። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ኮን ነው፤ ዶሮዋ በጭንቅላቷ በኩል ወደ ታች ትገባና ጭንቅላቷና አንገቷ ብቻ በታችኛው ቀዳዳ በኩል ይወጣሉ። ቁልቁል የተያዘች ዶሮ ሰውነቷ በደንብ ከታቀፈ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ትላለች።

ለሀበሻ ዶሮ፣ ማለትም ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ለምትመዝነው፣ የላይኛው አፍ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 9 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 28 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከጠፍጣፋ ቆርቆሮ ለመቁረጥ አንድ ምስማር በቆርቆሮው ዳር መትተው፣ በሲባጎ ከዚያው ምስማር በ52 ሴንቲ ሜትር እና በ23 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ርቀት ሁለት ቅስቶች ያስምሩ። በትልቁ ቅስት ላይ 63 ሴንቲ ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች ከምስማሩ ጋር በቀጥታ መስመር ያገናኙና ለመደራረቢያ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይቁረጡ። የተቆረጠውን ጠቅልለው በሁለት ወይም በሦስት ቦታ በሽቦ ወይም በሪቬት ማሰር ነው። ልኩን ለቆርቆሮ ሠሪ ቢሰጡትም ወዲያው ይገባዋል። ሳሶን ለመሰሉ ትልልቅ ዶሮዎች ግን ይህ ኮን ይጠባል፤ የላይኛውን ወደ 25፣ የታችኛውን ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ያስፈልጋል። የቆርቆሮው ጠርዝ ዶሮዋንም እጅንም እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት፤ ካልሆነም አሮጌ የውሃ ጎማ በርዝመቱ ሰንጥቆ ጠርዙን ማልበስ ይቻላል።

ቆርቆሮ ካላገኙ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ይሠራል፤ ታቹን ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ያውጡ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነም የትከሻውን ክፍል ቆርጠው ጭንቅላቷ ያለ ችግር የሚወጣበት ያህል ያስፉት። ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሁን። ጀሪካን ከቆርቆሮ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ በሳሙናና በበረኪና ሲታጠብ አይዝግም።

ኮኑ ከግድግዳ ወይም ከቋሚ እንጨት ጋር በሁለት ምስማር በጠንካራው ይታሰር፤ የታችኛው አፉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከሥሩም ጥቂት አመድ ወይም ሰጋቱራ ያለበት ባልዲ ይቀመጥ። አራጁ በአንድ እጁ ጭንቅላቷን ይዞ በቀስታ ወደ ታች ሳብ ያደርግና ከመንጋጋዋ ሥር በሁለቱም በኩል ያሉትን የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ሥራውን የሚወስነው ቢላዋው ነው። ቀጭን፣ ጥርስ የሌለው፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው፣ በዚያው ዕለት የተሳለ መሆን ይኖርበታል። በደነዘ ቢላዋ ደጋግሞ መገዝገዝ ለዶሮዋ ጭካኔ ነው፤ አራጁንም ለአደጋ ያጋልጣል። ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል እዚያው ትቆይ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ዶሮ የሚወጣው ደም ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም ስለማይዘል፣ ደሙ ትንሽ ነው ብለው አይጨነቁ።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ ኮኑ የሚተካው የረገጠውን እግር ብቻ ነው። የክርስቲያኑ አራጅ ኮኑን ፊቱ ወደ ምሥራቅ በሚሆንበት አቅጣጫ ሰቅሎ በስመ ሥላሴ ባርኮ ማረድ ይችላል፤ ሙስሊሙም ወደ ቂብላ ዞሮ ቢስሚላህ ብሎ ማረድ አያግደውም። ቢሆንም የሃይማኖት አባትዎን ወይም የመስጊዳችሁን ኢማም አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ልብዎ ሳያርፍ የሚበሉት ምግብ አይጣፍጥዎትምና።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ዶሮዋን በማለዳ ልጆች እያባረሩ እንዲይዟት አይፍቀዱ። ማታ ከቆጧ ላይ በጸጥታ አውርደው፣ ውሃ ብቻ ባለበት ጎጆ ወይም ቅርጫት ውስጥ ለይተው ያሳድሯት። ከመታረዷ በፊት ከ8 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት እህል ካልበላች አንጀቷና በአንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ባዶ ይሆናሉ፣ ሥጋውን የመበከል ዕድላቸውም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ማስራብ ግን ጥቅም የለውም፤ አንጀቱ እየሳሳ ስለሚሄድ በሚወጣበት ጊዜ በቀላሉ ይቀደዳል።

ከአላሙራ አካባቢ፣ አዲስ ሙሽራ፦ ዶሮዋን የፈላ ውሃ ውስጥ ስነክራት ቆዳዋ ይበስልና ከላባው ጋር ተቀድዶ ይወጣል። ውሃውን ሳበርደው ደግሞ ላባው አልነቀል ይላል። ለመሆኑ ቆዳው ለዶሮ ወጥ የሚገፈፍ ከሆነ መጀመሪያውኑ ላባውን መንቀል ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለላባ መንቀያ የሚፈለገው ውሃ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ እንጂ የፈላ አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለዶሮ ቆዳ እጅግ ይበዛል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ በጆግ መለካት በቂ ነው። አሁን ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ሦስት ጆግ፣ የቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሁለት ጆግ በባልዲ ብትቀላቅዪ ውሃው ወደ 65 ዲግሪ ይጠጋል፤ ባልዲው ራሱ ጥቂት ሙቀት ስለሚወስድ የምታገኚው ለሥራው የሚስማማ ይሆናል። እጅሽን እየነከርሽ መለካቱን ተዪው፤ በዚህ ሙቀት ውሃ እጅ በጥቂት ሴኮንዶች ይቃጠላል።

ከመንከርሽ በፊት ዶሮዋ እንቅስቃሴዋንና ትንፋሿን ፈጽማ ማቆሟን አረጋግጪ፤ ይህ ሊዘለል የማይገባው ነው። ከዚያ በእግሮቿ ይዘሽ ሙሉ በሙሉ አስጥመሽ ውሃው እስከ ቆዳዋ ድረስ እንዲገባ ከላይ ወደ ታች እያንቀሳቀስሽ ከ45 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ አቆያት። የክንፏን ወይም የጅራቷን ትልቅ ላባ ስበሽ ያለ ትግል ከወጣ በቂ ነው፤ ካልወጣ ለአሥር ለአሥር ሴኮንድ ጨምሪ። ለቆየች እናት ዶሮ ከፈላው ውሃ ግማሽ ጆግ መጨመር ያስፈልግ ይሆናል። የክንፍና የጅራት ላባዎች ሲቀዘቅዙ ቶሎ ስለሚጠብቁ በመጀመሪያ እነሱን ንቀዪ፤ ደረትና ጀርባውን በኋላ በመዳፍሽ እያሸሽ ታወጪዋለሽ። ውሃው ከሦስት ወይም ከአራት ዶሮ በኋላ ስለሚቀዘቅዝም ስለሚቆሽሽም ይቀየር።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በብዙ ቤቶች ዶሮዋ ትነቀላለች፣ በእሳት ትለበለባለች፣ ከዚያም ቆዳዋ ይገፈፋል። ቆዳውን ለማትፈልጊ ለአንቺ ከነላባው መግፈፉ ከሰልም ጊዜም ይቆጥባል፤ ከቆሸሸ የጋራ ውሃም ያድናል። የዚህ ችግሩ ደረቅ ላባ ተበትኖ ሥጋው ላይ መጣበቁ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመሽ ላባዋን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አርጥቢው። የክንፏን ጫፍ በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ቁረጪው፤ እግሮቿንም በጉልበቷ መገጣጠሚያ ላይ ለዪ። ከዚያ በደረቷ አጥንት ላይ ቆዳውን ብቻ ሰንጥቀሽ ወደ ጎንና ወደ ጭኖቿ በጣትሽ እየገፋሽ እንደ ሸሚዝ ታወልቂዋለሽ። ለጥብስ ወይም ለአሮስቶ ለምትታረድ ወጣት ዶሮ ግን ቆዳው ሥጋው እንዳይደርቅ ስለሚጠብቅ እንዲነቀል እመክርሻለሁ። በመለብለብ የሚመጣውን መዓዛ የሚወዱ ሽማግሌዎች በቤትሽ ካሉ፣ ስለ እነሱ ብለሽ ብትለበልቢ ምንም ጉዳት የለውም።

ዶሮ አርቢ ወጣት፣ ከሀዌላ ቱላ፦ ስድሳ ሳሶ አለኝ። በበርሜል ውስጥ የጎማ ጣቶች ተክዬ በሞተር የሚሽከረከር ላባ መንቀያ ልሠራ አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ በአንድ ቀን ከሃያ በላይ የማታርድ ከሆነ አያዋጣህም፤ ሁለት ሰዎች ውሃው በትክክል ከሞቀላቸው ስድሳውን በጥቂት ቀናት ከፋፍለው መጨረስ ይችላሉ። ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርጥብ ወለል፣ እርጥብ እጅና ተቀጣጥሎ የተያያዘ የኤሌክትሪክ ገመድ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። የግድ መሥራት ካለብህ የሞተሩን መስመር፣ የመሬት ማያያዣውንና ድንገተኛ መቁረጫውን ባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋልህ። ሥጋውን ለሆቴል ወይም ለሱቅ ለመሸጥ የምታስብ ከሆነ ደግሞ የቤት እርድ በቂ አይደለም፤ አስቀድመህ የከተማውን የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ስለ ፈቃዱና ስለ ምርመራው ጠይቅ።

ከመናኸሪያ አካባቢ፣ አንዲት አንባቢ፦ ሐሞቱ እየፈሰሰብኝ ተቸግሬአለሁ። ደግሞም በሎሚና በጨው ብዙ ጊዜ አጥባለሁ፤ እህቴ ግን "ማጠብ ጀርም ያሰራጫል" ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ አወጣጡ። የሆድ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በአንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ከቆዳና ከጉሮሮው በጣትዎ ለይተው ያላቁት። ከዚያ ከጅራቷ በላይ ያለውን ቢጫ የቅባት ዕጢ ቆርጠው ይጣሉት፤ ሥጋው ላይ ከቀረ ጣዕሙን ያበላሻል። ኩስ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ በቢላዋ ጫፍ ሲቆርጡ ስለቱን ወደ ውጭ አዙረው፣ ከቆዳው ሳያልፉ ይቁረጡ፤ አንጀቱ እንዳይወጋ በሌላኛው እጅዎ ጣት ወደ ውስጥ ገፍተው ይያዙት። ጣትዎን በደረቷ አጥንት ሥር ወደ ላይ እስከ ልብ አድርሰው ሁሉንም በአንድነት ይጎትቱ። ሐሞቱ ከጉበቱ ሥር የተለጠፈ አረንጓዴ ከረጢት ነው፤ በመጎተት ለማላቀቅ መሞከር ነው የሚያፈነዳው። ከጉበቱ ላይ ጥቂት ሥጋ ጨምረው በቢላዋ ይቁረጡት። ከፈሰሰም በውሃ ለማጠብ አይድከሙ፤ አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ቆርጠው መጣል ይሻላል። ሳንባዎቹ ከጎን አጥንቶቹ መካከል ተለጥፈው ስለሚቀሩ በጣት እየፋቁ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጉበቱን ሁልጊዜ አስተውለው ይመልከቱት። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ፣ ወጥ የሆነ ቀይ ቡናማ ቀለም ያለው ነው። ነጫጭ ነጥቦች ከተዘሩበት፣ ካበጠ፣ ወይም ሆዷ ውስጥ ውሃና መግል ካገኙ ዶሮዋን በሙሉ ይቅበሯት እንጂ የተበላሸውን ብቻ ለይተው አይጣሉ። እንቁላል ጣይ ከነበረች የሚያገኟቸው ገና ቅርፊት ያላወጡ አስኳሎች ግን ጤነኛ ናቸው፤ ከወጡ ጋር በደንብ ይቀቅሏቸው።

ማጠቡን በተመለከተ እህትዎ የሚሉት ትክክል ነው። በዶሮ አንጀትና ቆዳ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ተሕዋስያን ይገኛሉ፤ ከቧንቧ በኃይል በሚወርድ ውሃ ሲታጠብ ጠብታው እየተረጨ ሰላጣው፣ መክተፊያውና የቆሙት ዕቃዎች ላይ ያርፋል። ሎሚና ጨውም ሽታውንና ልጋጉን ያነሳሉ እንጂ ተሕዋስያኑን ሁሉ አይገድሉም። ይሁን እንጂ ዶሮን ሳያጥብ ወጥ የሚሠራ ሰው በአገራችን ለማግኘት ስለሚያስቸግር ልማዱን ተዪ ማለቱ ጠቃሚ ምክር አይመስለኝም። ሳፋ ውስጥ በዝግታ ይጠቡት፤ ውሃውን በዝግታ ይድፉት፤ በዚያ ሰዓት ሰላጣና ያልበሰለ ነገር ከአካባቢው ይራቅ፤ ሳፋውን፣ መክተፊያውንና እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ተሕዋስያኑን የሚያጠፋው እሳቱ ነው፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታሉ፣ ለረጅም ሰዓት የሚንተከተክ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በችኮላ ለሚሠራ ጥብስ ነው፤ አጥንቱ አጠገብ ሮዝ ቀለም ያለው ሥጋ አይቅረብ።

ከማቀዝቀዣ ውጭ ያለ ሥጋ በሐዋሳ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይበስል አይቆይ። ፍሪጅ ካለዎት ግን ለጥብስ የታሰበውን አንድ ሌሊት ማሳደር ሥጋውን ያለሰልሰዋል፤ ወዲያው የታረደች ዶሮ ጡንቻዋ ስለሚገትር ትጠነክራለች። ለወጥ የምትውለውን አስራ ሁለቱን ብልት አውጥቶ፣ ፈረሰኛውን ሳይሰበር ለይቶ፣ በዚያው ዕለት ማብሰል ነውር የለውም።

ከሐይቅ ዳር፣ አንድ አባት፦ ጎረቤቶቼ ላባና አንጀቱን አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ወደ ቦይ ይደፋሉ። ምን ማድረግ ይሻላል?

መልስ፦ አባ፣ ሁለቱም አይሻሉም። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዓሣ ትርፍራፊ የለመዱት አባ ኮዳዎች ወደ ሰፈር መልመድ ከጀመሩ ቆሻሻውን ከግቢ ግቢ ይዘው ይዞራሉ። ወደ ቦይ የተደፋው ደግሞ በዝናብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ ውሃ ስለሌለው የገባበት ነገር እዚያው ይከማቻል። ለእርድ የሚያገለግል አንድ ጉድጓድ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ከውሃ ጉድጓድና ከሐይቁ ዳር ይራቅ፤ ደሙን፣ አንጀቱንና ላባውን ከተው አመድ ነስንሰው አፈር ይመልሱበት፣ ውሾች እንዳይቆፍሩት ድንጋይ ይጫኑበት። ላባ በቀላሉ የማይበሰብስ በመሆኑ ወራት ይፈልጋል። አንጀቱን ለራስዎ ዶሮዎችም ሆነ ለውሻዎ ጥሬውን አይስጡ።

ከአቶቴ፣ አንዲት አንባቢ፦ ከዶሮዎቼ ሦስቱ አንገታቸው ተጠምዝዞ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ሞቱ። ጎረቤቶች "ፈንግል ነው፣ ሌሎቹ ሳይታመሙ እረጃቸው" አሉኝ። ለቀሪዎቹ ቴትራሳይክሊን ሰጥቻቸዋለሁ። ማረድ እችላለሁ?

መልስ፦ ይህን ልማድ ከልቤ እቃወመዋለሁ፤ በየሰፈሩ ፈንግልን የሚያዛምተው እሱ ነውና። የገለጹት ምልክት ከፈንግል ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን የወፍ ጉንፋንን ከመሰሉ ሌሎች በሽታዎች በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የታመሙትንና የሞቱትን ማረድም መብላትም ለውሻ መስጠትም አይገባም፤ የሞቱትን በጥልቅ ይቅበሯቸው። ሲያርዱና ላባ ሲነቅሉ ቫይረሱ በእጅ፣ በጫማና በላባ ይወጣል፤ የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን እንደሚያቃጥልና እንደሚያቀላም ይታወቃል። ጤነኛ የሚመስሉት ራሳቸው በሽታውን ይዘው ምልክት ሳያሳዩ ለበርካታ ቀናት ሊቆዩ ስለሚችሉ ወደ ገበያ አይውሰዷቸው፣ ለጎረቤትም አይስጡ፤ የአካባቢዎን የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይጥሩ።

ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን ስለማያጠፋ ፈንግልን አያድንም። መድኃኒቱን ለወሰዱት ዶሮዎች ሐኪሙ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ ከእርድ በፊት የሚጠበቀውን፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ይነግርዎታል፤ ለሰው የተዘጋጀ እንክብል ከነበረ ግን ያ ጊዜ ስለማይጻፍበት መጠኑንና የሰጡበትን ቀን በትክክል ይንገሩት። የመቆያው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ እንቁላላቸውንም አይብሉ። የታመመውን ክትባት አያድነውም፤ በሽታው ካለፈና ቤቱ ከጸዳ በኋላ ለሚያመጧቸው አዲስ ዶሮዎች ግን በቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባት እንዲከተቡ ሐኪሙን ይጠይቁት፤ ዶሮዎቹ በተለያየ ጊዜ ስለሚፈለፈሉ አንድ ጊዜ ከትቦ መተው እንደማይበቃም ያስታውሱ። እስከዚያው ድረስ የዶሮ ቤቱን ኩስና ጉዝጓዝ አውጥተው ይቅበሩ፣ ውኃ መጠጫዎቹን በበረኪና ይጠቡ፣ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ከመግባትዎ በፊትም ጫማዎን ይለውጡ።